ጋቢ የለበሰው ኮምፒውተር

ቅዳሜ፣ ጥር 15 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም

ዛሬም አልተነሳም! እህቴ ከጅዳ የላከችው ይህ አሮጌ ኮምፒውተር፣ መብራት ድንገት ከጠፋበት ቀን ጀምሮ ዊንዶውሱ አልከፍትም ብሏል። ሁሉን አጥፍቼ ፎርማት እንዳላደርገው ሟቹ አባቴ ቁርኣን ሲቀራ የተቀዳው ድምፅ ያለው እዚሁ ውስጥ ብቻ ነው። ጠዋት የዊንዶውስ ሲዲ ከትቼ ጥገናውን አስጀመርኩና ለቀትሩ የዙሁር ሶላት መስጊድ ሄድኩ። ስመለስ እማዬ በአባቴ ጋቢ ጥቅልል አድርጋ ጀቡናዋለች። ግሎ ጥገናው መሃል ላይ ጠፍቷል።

«ምን አደረግሽው?» ብዬ ጮህኩባት።

«ቁርኣን ያለበት ዕቃ ተራቁቶ ይቀመጣል እንዴ?» አለችኝ።

ጋቢውን ገፍፌ እንደገና አስጀመርኩት። ንዴቴ ግን አልበረደም። ድምፁ ይትረፍ አይትረፍ አላህ ይወቅ። እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ በከሰል ማራገቢያዋ ታራግብለታለች።