በደረጃችን ላይ ያለው ንባብ እንዳይቋረጥ

ቀን፦ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የከሰዓት እንቅልፌን ስለነሳኝ የሕፃናት ጩኸት፣ እንዲሁም ጩኸቱ እንዳይቆም ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች ሆርዶፋ ጋዲሳ የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ስሆን፣ ከሰዓት በኋላ ጋደም የማለት የቆየ ልማድ አለኝ። ይህ መብቴ ከመስከረም ወር ጀምሮ ተጥሷል። ሕፃናት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከቤቴ በር ፊት ለፊት ያለው ደረጃ ላይ በየተራ እየተቀመጡ «ሚፎላ»፣ «ቡዛቄ»፣ «ገርፉና» እያሉ ይጮኻሉ። ቃላቱን በአማርኛም በኦሮምኛም ፈልጌ አጣኋቸው። ስልጤውን ጎረቤቴን ኑሪንም ጠየቅኩት። «እኛም ጋ የሉም፣ ጋሼ» አለኝ።

2. የዚህ ሁሉ ጩኸት ባለቤት አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅ፣ መምህርት ገላኔ ናት። የሙያ ፈቃድ ያላት፣ በሠፈራችን ትምህርት ቤት ለዓመታት ያስተማረች የሁለተኛ ክፍል መምህርት ናት። ባለፈው ክረምት ስለ ንባብ አጭር ሥልጠና ወስዳ ስትመለስ እነዚህን ቃላት ይዛ መጣች። ትርጉም የላቸውም፤ እንዳይኖራቸው ተብለው የተፈጠሩ ናቸው። መጽሐፉን በቃሉ የሸመደደ ልጅ ሰምቶት የማያውቀውን ቃል ሊለው አይችልም፤ ፊደሉን የለየ ግን ያነበዋል። ይህ ሲገባኝ እኔም ጥቂት ቃላት ፈጥሬ አበረከትኩ። «ገርፉና» የኔ ነው። ገላኔ «ይሄማ ግርፋት ይመስላል፣ ልጆቹን ታስደነግጥብኛለህ» ብትለኝም ተቀብላኛለች፤ የቀሩትን መለሰችብኝ።

3. እስካሁን በጻፍኩት ውስጥ ቀልድ ነበረበት፤ ከዚህ በኋላ የለም። የገላኔ ክፍል በአንድ ድምፅ ሲያነብ ከመንገድ ይሰማል፣ ያምራልም። አንድ በአንድ አስቀምጣ ስትፈትናቸው ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከእነዚህ ቃላት አንዱን እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከእነሱ መካከል የኑሪ ልጅ ሙዘሚል ይገኛል። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ይለዋል፤ ገጹንም በቦታው ይገልጣል። «ሚፎላ»ን ሲያይ ግን መጽሐፉን ገልጦ ፈለጋትና «ቲቸር፣ ይቺ እኮ መጽሐፉ ውስጥ የለችም» አለ። አባቱ ሾላ ገበያ ቅመም ይሸጣል። ነገሩን ስንነግረው «አምና ጎበዝ አንባቢ ነው ብለው ሸልመውልኝ የለ እንዴ፣ ጋሼ?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ።

4. እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የተማርኩት የታክሲ ረዳት ሳለሁ፣ ኢምፔሪያል አደባባይ ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ የሱቅ ሰሌዳ እያየሁ ነው። ስለዚህ «ሙዘሚልን ለኔ ተዉት» ብዬ ፎከርኩ። በዚያው በለመድኩት መንገድ ከሰሌዳ ሰሌዳ አዞርኩት። ልጁ ሰሌዳዎቹን በቀለማቸው ሸመደዳቸው። አሁን ሲያየኝ ከእናቱ ኋላ ይደበቃል። ማንበብ መቻል ሌላ፣ አንድ ልጅ የት ላይ እንደተያዘ አውቆ ማሻገር ሌላ መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው። ገላኔም ብትሆን «ማን እንደማይችል መለየት ተምሬያለሁ፤ እንዴት እንደማሻግረው ግን ገና አላውቅም» ነው የምትለው።

5. ይህን የሚያስተምር ቦታ አለ። መምህራንን የንባብ ባለሙያ አድርጎ የሚያወጣ የአንድ ዓመት ሥልጠና ሲሆን፣ ገላኔ የመግቢያ ፈተናውን አልፋለች። ሥልጠናውን ስትጀምር በሳምንት ሁለት ቀን ከክፍል ትወጣለች። ምዝገባው የፊታችን አርብ ይዘጋል፤ የጎደላት የትምህርት ቤቱ የፈቃድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩ አቶ ተካልኝ አልፈርምም ብለዋል። «ሁለቱን ቀን ክፍሏን ለማን ልስጥ?» ይላሉ። በዚህ አልፈርድባቸውም፤ ተተኪ መምህር የላቸውም። ነገር ግን የልጆቹን የንባብ ፈተና ውጤት ባቀረበችላቸው ማግስት «ትርጉም የሌለው ቃል በማስተማር» የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፈውባታል። ትምህርት ቤቱ አምና በንባብ የተመሰገነ ነውና ውጤቱ እንዲወጣ አልፈለጉም። አርብ ካለፈ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ልጆቹ ደግሞ ለከርሞ ሦስተኛ ክፍል ይገባሉ፤ እዚያ መጻሕፍቱ ስለሚበዙ በቃል ይዞ መዝለቅ አይቻልም።

6. ስለዚህ፣ ክቡር ኃላፊ፣ ለሁለቱ ቀናት ተተኪ መምህር እንዲመደብ፣ የፈቃድ ደብዳቤው ከአርብ በፊት እንዲሰጣት፣ ማስጠንቀቂያውም ከማኅደሯ እንዲነሳ በትሕትና አመለክታለሁ።

እዚህ ላይ ደርሼ ልፈርም ስል በሩ ተንኳኳ። አቶ ተካልኝ ናቸው። ቤቴን ረግጠው አያውቁም። አቤቱታ እየጻፍኩ መሆኔን እኔው ለሠፈሩ ሁሉ ስላወራሁ ጆሯቸው ደርሷል። የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት የፈቃድ ደብዳቤ ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ ይህን ጽሑፍ ተቀብለው እስከ መጨረሻው አነበቡ። «ጋሼ ሆርዶፋ፣ ሦስተኛውን ቁጥር ይሰርዙልኝ። እሷም ውጤቱን ትተወው። ነገ ጠዋት ሄዳ ትመዝገብ» አሉ። ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ሳይሆን የፈራ ሰው ድምፅ ነበር። እውነቱን ልንገርዎ፣ እስክሪብቶዬ ቁጥሩ ላይ ደርሶ ነበር።

ገላኔ ከጓዳ ወጣች። ደብዳቤውን አንስታ አነበበችውና መልሳ ወደ እሳቸው ገፋችው። «ጋሽ ተካልኝ፣ ልጆቹ ማንበብ ይችላሉ ካልንማ እኔ ምን ልማር ነው የምሄደው?» አለቻቸው።

 አቶ ተካልኝ ደብዳቤውን ወደ ኪሳቸው አልመለሱም፤ በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ ነው። ይህን ስጽፍ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው እጄን ያያሉ። ሦስተኛው ቁጥር እንዳለ ነው። አርብ ከነገ ወዲያ ስለሆነ ውሳኔዎ እንዲፈጥንልን እንለምናለን።

በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጥነው ከሦስታችንም ሰላምታ ጋር፣

ሆርዶፋ ጋዲሳ
(ፊርማ)