ለአልጋ ቁጥር አሥራ አንድ ስለተደረገው መስተንግዶ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም ፍጹም ጤና እንድትሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የምመኘው ለወጉ ብቻ ሳይሆን፣ ድንገት ቢታመሙ ሰዎች ተሳስተው ወደ ሆስፒታልዎ እንዳይወስዱዎት ስለምሰጋም ነው።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያሽከረክር ሰው ገጭቶ አያውቅም፣ እየሮጠ የመጣ ተሳፋሪ ጥሎ ሄዶም አያውቅም። ባለፈው ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቀኝ ሆዱን ይዞ፣ «ምንም አይደል፣ ለከሰዓቱ ተራዬ እደርሳለሁ» እያለኝ በገዛ እግሩ በግቢዎ በር ገባ። ሐሙስ በቃሬዛ ወጣ። በእነዚህ ሦስት ቀናት ስለተደረገልን ሁሉ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እሆናለሁና ዝርዝሩን እነሆ።

1ኛ/ ትዕግሥት ስላስተማራችሁን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ ካርድ ክፍል «ካርዱ ሐኪሙ ጋ ነው» ሲለን፣ ሐኪሙ ጋ ያሉት ደግሞ «ካርድ ክፍል ነው» ሲሉን ዋልን። በመጨረሻ የተገኘው እዚያው ካርድ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ፣ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ ነው።

2ኛ/ ስለ ተረኛው ሐኪም ጥበብ። ዓይናቸውን ከስልካቸው ሳያነሡ፣ እጃቸውን ሆዱ ላይ ሳያሳርፉ፣ «ጨጓራ ነው» ብለው የሚዋጥ አዘዙለት፤ ሕመሙ ሲብስበት ደግሞ «ይተኛ» አሉ። ድሮ በሽተኛን ሳይነኩ በሽታውን የሚያውቁ ጠንቋዮች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ቢሆኑ ቀና ብለው ያያሉ።

3ኛ/ ከስም ሸክም ስለገላገላችሁት። ኮሪደር ላይ አልጋ እንደተሰጠው ስሙ ቀረና «አሥራ አንድ» ተባለ። ሰልጣኞች መጥተው፣ ፈቃዱን ሳይጠይቁ፣ በአላፊ አግዳሚው ፊት ልብሱን ገልጠው እየተሳሳቁ ሄዱ። በልጆቹ ፊት እንኳ ሸሚዙን አውልቆ የማያውቅ ሰው ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

4ኛ/ የሥራ ድርሻን ስለማክበር። ረቡዕ ጠዋት ወለሉን የምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛ፣ የወደቀ ብርድ ልብሱን ስታለብሰው እጇ ሆዱን ነካውና ደነገጠች። «እትዬ፣ ይሄ ሆድ እኮ እንደ ጣውላ ደርቋል! ወንድሜን እንዲህ አድርጎት ነው ያጣሁት» ብላኝ ሐኪሙን ልትጠራ ሮጠች። ሐኪሙም «አንቺ መወልወያሽን ያዢ፤ ምክር ሲያምረኝ እጠራሻለሁ» ብለው መለሷት። ወደ ማታ የመጡት ቀዶ ሐኪም ሆዱን ሲከፍቱት ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ውስጡን በክሎት ነበር። «ጠዋት ቢሆን ኖሮ...» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ከሆስፒታልዎ ሐኪሞች ሲያፍሩ ያየሁት እርሳቸውን ብቻ ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አረፈ። መርዶዬን የሰማሁት አንዲት ነርስ ከኮሪደሩ ማዶ ሆና «የአሥራ አንድ ቤተሰብ! አልጋው ይፈለጋል፣ ቶሎ አንሡልን» ብላ ስትጮህ ነው።

አምስተኛም ስድስተኛም ነበረኝ፤ ግን መቁጠሩ አቃተኝ።

ቀደም ሲል ያስገባሁትን አቤቱታ ተቀብለው በአስቸኳይ ስላጣሩልኝም አመሰግናለሁ። በውጤቱ አንድ ጥፋተኛ ብቻ ተገኘ፤ እርሷም የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። «ከሥራ ድርሻዋ ውጭ በሕክምና ጣልቃ ገብታለች» ተብሎ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ከሆስፒታልዎ ለቅሶ ልትደርሰኝ የመጣችውም እርሷ ብቻ ነበረች። በሬ ላይ ቆማ፣ «እትዬ፣ ይቅር በሉኝ፤ አምርሬ መጮህ ነበረብኝ» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ሁሉ ነጭ ጋውን መካከል ይቅርታ የጠየቀችኝ ባለ መወልወያዋ ናት።

ባሌን መልሱልኝ አልልም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ያን ማስጠንቀቂያ ከማኅደሯ አውጥተው በእጅዎ ይቅደዱት። የሐኪሙን ጉዳይ በተመለከተ ግን ልመና የለኝም፤ ያየሁትን ከነሰዓቱ ጽፌ ለሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴው አስገብቻለሁ፤ ቀዶ ሐኪሙም ምስክር ልሁን ብለው ፈርመዋል።

ግንባሬ መሬት እስኪነካ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣ በማያልቅ አክብሮት፤

የሁለት ልጆች እናት፣
ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ደግሞ አባታቸውም

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በቢሮዎ በር ላይ ባለው የአስተያየት መስጫ ሳጥን ልከተው መጥቼ ነበር፤ እስከ አፉ ሞልቶ አላስገባ አለኝ። ጥበቃው ቁልፉ ከጠፋ ሁለት ዓመት እንዳለፈው ሲነግሩኝ ነው ለሕዝብ ማውጣቱ የተሻለ የመሰለኝ። ሳጥኑን የሰበሩት ዕለት ግን እባክዎ ከታች ያሉትን ደብዳቤዎች ያስቀድሙ፤ ጸሐፊዎቹ ከእኔ በፊት የቀበሩ ናቸውና ወረፋቸው ይከበርላቸው።