ሳይጠሩት አቤት ያለው ፈንክሽን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ደምዎ ደህና እንዲሆን እመኛለሁ፤ የደም ነገር በእርስዎ ዘመን አስተማማኝ አይደለምና። እኔ ከእርስዎ ሥር የምሠራ ፕሮግራመር ነኝ፤ ባለፈው ሳምንት እዚሁ በቀዶ ሕክምና የወለደችው ሴትም እህቴ ናት። ስለ ደረሰባት ነገር ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ የላብራቶሪያችንን ፕሮግራም ፐርል በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፉት፣ ለእያንዳንዷ ምልክት ስለሚጨነቁ እትዬ ሰረዝ የምንላቸው ጡረተኛ ባልደረባችን ናቸው። የታካሚ ስም ከነአያቱ ስክሪኑ ላይ መርዘሙ ዓይንዎን ስላስቀየመው፣ የታካሚን ስም የሚያወጣውን ፈንክሽናቸውን፣ ማለትም በስሙ ሲጠራ ሥራውን የሚሠራውን የፕሮግራም ክፍል፣ ከራስዎ ፋይል ሆነው፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ በዚያው ስም በጻፉት በራስዎ ተኩት፤ የአያት ስምም ጠፋ። ፐርል ይህን አይከለክልም። በሩ አልተቆለፈም ተብሎ ግን የሰው ቤት ምሰሶ አይነቀልም። ያ ፈንክሽን የደም ውጤትንም ከባለቤቱ ጋር የሚያገናኝ ስለነበር፣ የእርሳቸው በተጠራ ቁጥር የእርስዎ ሳይጠሩት አቤት እያለ፣ በስምና በአባት ስም የሚመሳሰሉ ሁለት ሴቶችን አንድ አደረጋቸው። የሌላዋም የደም ዓይነት ለእህቴ ተጻፈ። ደሙ ተሰቅሎ ሳለ ነርሷ የደም ዓይነቷን ታውቅ እንደሆነ ባትጠይቃት ኖሮ፣ ዛሬ የምጽፈው የሐዘን መልእክት ነበር።

ሁለተኛ፣ ፐርል ፈንክሽኑ እየተተካ መሆኑን አስጠንቅቆ ነበር። እርስዎ ግን ማስጠንቀቂያው እንዳይታይ በአንዲት የኮድ መስመር አፉን ዘግተውታል።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይጸየፋል። ስለዚሁ ጉዳይ በተጠራው ስብሰባ ላይ «የእርሳቸውን ኮድ አንድ መስመር አልነካሁም» ብለው ጥፋቱን በሌሉበት በእትዬ ሰረዝ ላይ ደፈደፉት። እውነትዎን ነው፣ ፋይላቸው እንዳለ አለ። ወሬው ደርሷቸው ደውለውልኝ «ልጄ፣ ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?» አሉኝ። በሌላ ስም የራስዎን ፈንክሽን ቢጽፉ ምን ነበረበት?

ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ እያዩ የእርስዎን ፈንክሽን አንስቻለሁ፤ ስህተቱ የእርሳቸው አለመሆኑንም ለእትዬ ሰረዝ ነግሬአቸዋለሁ። ይቅርታ የመጠየቁን ክብር ግን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

በእርስዎ አመራር ሥር በሕይወት በተረፍነው ሁሉ ስም፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣
እስካሁን ያልተተካሁት ታዛዥዎ

ማስታወሻ፦ ስክሪኑን ስላሳመሩ የተሰጠዎትን የምስጋና ወረቀት በርዎ ላይ ተለጥፎ አየሁት። እህቴ ስለ እርስዎ የምትለውን ግን በጨዋ ደብዳቤ መጻፍ አልተቻለኝም።