የዘለልኩት መስመር

ሎስ አንጀለስ፣ ኦክቶበር 2016

ውድ ራኬብ፣

ዶርም ከገባሽ ሁለት ሳምንት ሆነሽ። ስልክ ብደውል ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ፈራሁና እንደ ድሮ ሰው ደብዳቤ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ከየት እንደምጀምር ግን እንጃ።

ባለፈው እሁድ እናትሽ እታለም ጋርዴና ቤቷ ምሳ ጠርታኝ ነበር። ከበላን በኋላ አንድ ወረቀት ዘረጋችልኝ። ዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ አልቀበልሽም ሲልሽ የጻፍሽው አፒል፣ ይግባኝሽ ነው። «እንግሊዝኛው ከበደኝ፤ እስቲ ያንብቡልኝ ጋሼ ብዙአየሁ፣ ልጄ ምን ብላ እንዳሸነፈቻቸው ልስማ» አለች።

እያነበብኩ መሃል ላይ ስደርስ አንድ መስመር አገኘሁ። «ለዝውውር የማይቆጠር የሂሳብ ኮርስ የወሰድኩት የሚቆጠሩትን ኮርሶች ዝርዝር በደንብ ሳላነብ ቀርቼ ነው። ሌላ ማንም ጥፋት የለበትም» ትያለሽ።

ራኬብ፣ ያንን ኮርስ ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፌርፋክስ፣ መኩሪያ ሱቅ ጓዳ ተቀምጬ የኮሌጅ ልጆችን የትራንስፈር፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የመዛወሪያ ማመልከቻ ሳይ፣ ዝርዝሩን እንኳ ሳልከፍት «ይሄን ውሰጂ፣ አምና ሦስት ልጆች አልፈውበታል» ብዬ የኮርሱን ቁጥር በእጄ ጻፍኩልሽ። ለካ ዝርዝሩ በዚያ ዓመት ተቀይሯል። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

መኩሪያንና ወዳጃችንን አሰፋን ይዤ ሽማግሌ ሆነን ዩኒቨርሲቲው ድረስ የሄድነውም ለዚህ ነው። ሦስታችንም ሙሉ ልብስ ለብሰን፣ ልጅ ለጋብቻ የምንጠይቅ ነበር የምንመስለው። ቢሮ ያለችው ልጅ «ተማሪዋ ምናችሁ ናት?» አለች።

«ልጃችን ናት» አላት መኩሪያ።

«ኦኬ፣ ሶ አባቷ እርስዎ ነዎት?»

«ኖ፣ ሁላችንም ነን።»

ግራ ቢገባት ውሃ ሰጥታ ሸኘችን። እኔ የሄድኩት ጥፋቱ የኔ ነው ልል ነበር፤ ሁለቱ አጠገቤ ስለነበሩ አፈርኩና ዋጥኩት። አንቺ በአፒሉ ስትገቢ ሰፈሩ በሙሉ ሽማግሌዎቹ አስገቧት አለ። እጅህ ይባረክ ሲሉኝ አሜን አልኩ።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው፤ ታውቂ ነበር? ካወቅሽ ለምን ፊት ለፊት አልነገርሽኝም? እያወቅሽ ነው ስንሰነባበት ጉልበቴን የሳምሽው? ካላወቅሽስ፣ ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ማን ጠየቀሽ? ልቆጣሽም ላመሰግንሽም ሞከርኩ፣ ሁለቱም አልሆን አለኝ። ረጂው እኔ ነበርኩ፤ ነገሩ መቼ እንደተገላበጠ አላውቅም።

ለእናትሽ ያቺን መስመር ዘልዬ አነበብኩላት። እታለም ግን ሞኝ አይደለችም። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ «እዚህ ጋ ቶሎ አለፉ» አለችኝ።

«የኮርስ ስም ነው» አልኳት።

የፊታችን እሁድ ተመልሼ እሄዳለሁ። መኩሪያንና አሰፋንም እወስዳቸዋለሁ፤ ሽማግሌ የሚያስፈልገኝ አሁን ነው። ሳልዘል ከላይ እስከ ታች አነብላታለሁ። መስመሯ ጋ ስደርስ ቆም ብዬ፣ «እታለም፣ ልጅሽ እዚህ ጋ ዋሽታለች» እላታለሁ።

ቁጥሩን በእጄ የጻፍኩልሽ፣
ብዙአየሁ