ተነስታ የምትጠፋው ላዳ

ውድ አባዬ፣

ላዳዋ እንጦጦ ራጉኤል ድረስ ወጥታ ተመለሰች። ይህን ሳልነግርህ ሌላ ነገር መጻፍ ስላልቻልኩ ነው ሰላምታውን ያዘገየሁት። አሁን እንዴት ነህ? አያቴስ ተሻላት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በስልክ ልነግርህ ነበር፤ ግን ገና "ላዳዋ" ከማለቴ "አሁንም አልሸጥሻትም?" ብለህ ታቋርጠኛለህ። ደብዳቤ ግን እስከ መጨረሻው ያናግርሃል።

አያቴን ለማስታመም ወደ ወራቤ የሄድክ ዕለት "ሞተሯ አልቋል፣ ለቁራሌው ስጪያት" ብለኸኝ ነበር። እሺ አልኩህ፤ ግን አልሰጠኋትም። ወዳጅህ ጋሽ ፍሥሐ ዘንድ ሄጄ "ይህን ሞተር ማዳን ይቻላል?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ጋራዡን እንደተዉት ታውቃለህ። "እኔ አላይም፣ አንቺ ደግሞ አታውቂም። ሁለታችን ተደምረን አንድ መካኒክ ሳንሆን አንቀርም" አሉኝ። እንዲህ ተጀመረ። ከመገናኛ፣ ከምሠራበት ጫማ ሱቅ ስመለስና እሁድ እሁድ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይናገራሉ፣ እኔ እፈታለሁ። ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት አስወለወልን፣ ፒስተኑን ከነፋሻው፣ ከነቀለበቶቹ ማለቴ ነው፣ ቀየርን፣ መልሰን ገጠምን። ጥፍሬ ውስጥ የገባው ግሪስ ደንበኞቼ ፊት ቢያሳፍረኝም ሥራው ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ለምን እንደለፋሁ ልንገርህ። አንተ ቤት ውስጥ ብዙ አታወራም ነበር። ራትህን በልተህ፣ ሰግደህ ትተኛለህ። መኪናዋ ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነበርክ። ከትምህርት ቤት ስትወስደኝ ከፊት አስቀምጠኸኝ እስከ ሰፈራችን ፈረንሳይ ድረስ ስታወራልኝ እንመጣ ነበር። እማዬን እንዴት እንዳገኘሃት የነገርከኝ መብራት ይዞን ቆመን ነው። አረንጓዴው በርቶ የኋላዎቹ ጡሩምባ እየነፉብህ፣ ታሪኩን ሳትጨርስ አልነዳህም። እማዬ ካረፈች ወዲህ ያቺን ቀን ስንቴ እንዳሰብኳት አታውቅም። ይህን ነግሬህ አላውቅም። ያ ወንበር ተነቅሎ በኪሎ ሲሸጥ ማየት አልቻልኩም።

ገጥመን የጨረስን ዕለት ቁልፉን ሳዞር አንዴ ጉር አለችና ተነሳች። አባዬ፣ እንዴት ያለ ድምፅ መሰለህ! ጋሽ ፍሥሐ ከበርጩማቸው ተነስተው አማተቡ። እኔም እጄን ወደ እሳቸው ዘረጋሁ፤ ገና ሳልጨብጣቸው ላዳዋ ሁለቴ አስላ ጠፋች።

ትንሽ ቆይቼ ሳስነሳት ተነሳች፤ ያንኑ ያህል ሠርታ እንደገና ጠፋች። ከዚያ ወዲህ ጠባይዋ ይኸው ሆነ። ካንዴላዎቹን አወጣሁ፣ ጥሩ እሳት አላቸው። ካርቡሬተሩን ፈትቼ በቤንዚን አጠብኩ። ስንገጣጥም ጨርቅ ረስተን እንዳይሆን ብዬ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ ሳይቀር ሽቦ አስገብቼ ፈተሽኩ። ምንም የለም። ጋሽ ፍሥሐ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርገው ብዙ ካዳመጡ በኋላ "እሳቱ ቢሆን ድርግም ነበር የምትለው። ይቺ ቀስ እያለች ነው የምትደክመው። ርቧታል" አሉ።

በዚህ መሃል እትዬ አገርነሽ መጡ። የግቢው ባለቤት ናቸውና ምን ይባላል። "ሰብሪያ፣ ልጄ፣ ቅዳሜ ግንበኞች ይገባሉ። ላዳዋ ያለችበት ላይ ክፍል ልሠራ ነው። ብረት ገዢ አነጋግሬልሻለሁ፣ ከበበ ይባላል። በራሷ ከወጣች ትውጣ፤ ካልወጣች እሱ ጭኖ ይወስዳታል" አሉኝ። ልለምናቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ቦታውን ከሰጡን ስንት ዘመናቸው። እሺ አልኩ።

አርብ ከሥራ ስመለስ ጋሽ ፍሥሐ አንድ ሐሳብ ይዘው ጠበቁኝ። የውሃ ሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ ቤንዚን ሞልተን ከኮፈኑ ላይ አንጠለጠልነው። በቀጭን ቱቦ ከካርቡሬተሩ ጋር አገናኘሁትና ቤንዚኑ በራሱ ቁልቁል እንዲወርድ አደረግን። እትዬ አገርነሽ በመስኮት አይተው "ደግሞ ግሉኮስ ሰካችሁላት?" አሉ። አስነሳኋት። የምትጠፋበት ጊዜ ደረሰ፤ አልጠፋችም። ሃይላንዱ እስኪደርቅ ድረስ እንደ ሰዓት ሠራች።

"ሞተሩ ጤነኛ ነው! ቤንዚን የማይደርሰው ከታች ነው። ፓምፑን ለውጪው" አሉ ጋሽ ፍሥሐ። እንቅልፍ የት ይምጣ፤ ቅዳሜ ሱቆች ሲከፈቱ በር ላይ ቆሜ አዲስ ፓምፕ ገዛሁ። እየሮጥኩ መጥቼ ገጠምኩና አስነሳኋት።

ጠፋች።

መሪው ላይ ግንባሬን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ያኔ የግቢው በር ተንኳኳ፤ ከበበ ነው፣ የጭነት መኪናውንና ሠራተኞቹን ይዞ። ክፉ ሰው አይደለም። ኮፈኑን ተመለከተና "እህቴ፣ ደክመሽባታል፤ ግን ይቺ አትሆንም። ገመዱን ልሰር?" አለኝ። "ፓምፑን አንዴ ልፍታው" አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ፓምፑን ፈታሁት። በእጄ ስጫነው ቤንዚኑን አርቆ ተፋው፤ እሱ ደህና ነው። ታዲያ ሞተሩ ላይ ሲሆን ለምን አይተፋም? ጋሽ ፍሥሐ ቁልፉን እንዲያዞሩልኝ ለመንኳቸውና ጎንበስ ብዬ ፓምፑን የምትገፋውን አጭር ዘንግ አየኋት። ትመጣለች፣ ትሄዳለች፤ ግን ብቅ የምትለው ለምልክት ያህል ነው።

"ጋሼ፣ ይቺ ዘንግ ምን ያህል ነው መውጣት ያለባት?"

መጥተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። ከዚያ ጣታቸው ወደ ጓርኒሲዮኑ ሄደ፤ ዘይት እንዳያፈስ በፓምፑና በሞተሩ መሃል የሚገባው ወረቀት ማለቴ ነው። ዳሰሱት፣ ደግመው ዳሰሱት።

"ሰብሪያ፣ ይህን ከምን ነው የቆረጥሽው?"

"ከጫማ ካርቶን። ሞተሩን ስንፈታ የድሮው ተቀዶ ነበር። ዘይት እንዳያንጠባጥብ ብዬ ደረብኩት።"

ጋሽ ፍሥሐ ሳቃቸው አፈናቸው። "አንቺ ልጅ! ፓምፑን ከዘንጓ አርቀሽው እኮ ነው። እንዴት ደርሳ ትግፋው? ስስ ወረቀት አምጪ፣ ቶሎ!"

ስስ ግን የማይቀደድ ወረቀት ከየት ይምጣ? እኔ ቤት ስተራመስ እትዬ አገርነሽ ከሳሎናቸው የግድግዳ ካላንደራቸውን ሽፋን ገንጥለው ይዘው ወጡ። "ይሄ ይሆናል?" አሉ። የሚገርምህ፣ ላዳዋ እንድትወጣ ቀን የቆረጡት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ወረቀቱን ቆረጥኩ፣ ዘይት ቀባሁት፣ ፓምፑን መልሼ አሰርኩ። ቁልፉን አዞርኩ።

ተነሳች። ከበበ ከድንጋዩ ተነስቶ "እስክትጠፋ እጠብቃለሁ" አለ። ሁላችንም ከበናት ቆምን። ሁልጊዜ የምታስልበት ጊዜ መጣ፤ አለፈ። ነዳጅ ሰጠኋት፣ ለቀቅኳት፤ ዝቅ ብላ መሥራቷን ቀጠለች። እትዬ አገርነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ከበበ ሰዓቱን አየ፣ እኛን አየ፣ መጨረሻ ላይ ገመዱን ጠቅልሎ "እንኳን ደስ አላችሁ" ብሎ ወጣ። እኔም ማርሽ አስገብቼ ላዳዋን በራሷ ጎማ ከግቢው አወጣኋት።

መንገድ ዳር አቁሜ ልገባ ስል ጋሽ ፍሥሐ የፊቱን በር ከፍተው ገቡ። "ዳገት ላይ ያልተሞከረ ሞተር አልተሞከረም። ወደ ራጉኤል!" አሉ። በስድስት ኪሎ ዞረን፣ ሽሮ ሜዳን አልፈን ሽቅብ ያዝን። እጥፋቱ ላይ ማርሽ ስቀንስ አንዴ አገሳችና ወጣች። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ዳር ይዘው አሳለፉን፤ አንዷ እጇን አውለበለበችልኝ። የባሕር ዛፉ ሽታ በመስኮት እየገባ፣ ጋሽ ፍሥሐ ሞተሩን እያዳመጡ፣ እኔ ደግሞ ብቻዬን እየሳቅኩ ደረስን።

እሳቸው ወርደው ደጁን ሲሳለሙ እኔ ሞተሩን ሳላጠፋ ጠበቅኳቸው። ተመልሰው መጥተው "ለምን አታጠፊያትም?" አሉኝ።

"ፈርቼ ነው ጋሼ።"

"አጥፊያት ግዴለም። ካልተነሳች ቁልቁለት ነው፤ ተንከባላ ቤቷ ትገባለች።"

አጠፋኋት። አየሩ ጸጥ አለ፤ ከታች ከተማው ሁሉ ይታያል። ቢስሚላህ ብዬ ቁልፉን አዞርኩ። ገና ሳልጨርስ ተነሳች፣ አባዬ። ጋሽ ፍሥሐ ዳሽቦርዱን መታ መታ አድርገው "ለአብዱልናስር ጻፊለት" አሉኝ።

ይኸው ጻፍኩልህ። አሁን ላዳዋ ከአጥር ውጭ፣ ግንበኞቹ ከውስጥ ናቸው። ሱቁ ፈቃድ እንደሰጠኝ ጋሽ ፍሥሐን አሳፍሬ ወራቤ እመጣለሁ። አያቴን ዞር ዞር አደርጋታለሁ። አንተም መንዳትህ አይቀርምና ቁልፉን እሰጥሃለሁ፤ ግን እስከ ገበያው ድረስ ብቻ። ከዚያ ወዲያ እኔ ነኝ የምነዳው።

የምትናፍቅህ ልጅህ፣
ሰብሪያ አብዱልናስር
ፈረንሳይ ለጋሲዮን