«ፍሰሐ ስኮትላንድ»፦ የአቶ ፍሰሐ ወልደአምላክ የሕይወት ታሪክ

በጥቅምት ወር 1931 ዓ.ም.፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ ገበሬውን ባሳሰበበት ሰሞን፣ ወይዘሮ ጌጤነሽ ገላው ወንድ ልጅ ተገላገሉ። ከሦስት ሴት ልጆች በኋላ የመጣ ወንድ ነበርና አባትየው አቶ ወልደአምላክ አሥራት ስሙን ፍሰሐ አሉት።

አቶ ፍሰሐ ፊደል የቆጠሩት እዚያው ደብረ ብርሃን ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ አዲስ አበባ በሚገኝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው መካኒክነት ተማሩ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የሱፍ ሽመና ማሽን ጥገና እንዲሠለጥኑ ለሁለት ዓመት ወደ ስኮትላንድ ተላኩ። የደረሱባት ከተማ ኢንቨርካርን ትባላለች። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ጸጉር አስተካካይ፣ ሁለት ቤተ ክርስቲያንና አምስት መጠጥ ቤት አላት፤ ከዳር እስከ ዳር በእግር ሩብ ሰዓት አትፈጅም። አቶ ፍሰሐን አሜሪካ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድርያ የምናውቅ ሁሉ ያቺን ከተማ ሳናያት እናውቃት ነበር።

አከራያቸው ሚሲስ ሎጋን ዓለምን ሁሉ የሚለኩት በግላስጎ ነበር። አቶ ፍሰሐ ሻንጣቸውን ይዘው በራፋቸው ላይ እንደቆሙ፣ «ኢትዮጵያ ከግላስጎ ወዲህ ነው ወዲያ?» ብለው ጠየቋቸው። «ወዲያ ነው» ቢሏቸው፣ «እንግዲያማ ደክሞሃል፣ ግባ» አሏቸው። ጸጉር አስተካካዩ የመጣውን ሁሉ «እንዴት ላድርግልህ?» ብሎ በትሕትና ይጠይቅና የከተማውን ወንድ በሙሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ይከረክማል። «ታዲያ ለምን ትጠይቃለህ?» ሲሉት፣ «ሳይጠይቁ የሰው ራስ መንካት ነውር ነው» አላቸው። ዝናቡ በኮሌታ ገብቶ በጫማ እስኪወጣ ድረስ «ዛሬ ደረቅ ነው» ተባብለው የሚያልፉ ሰዎች ነበሩ፤ አቶ ፍሰሐም በሁለተኛው ዓመት እንደነሱ ይሉ ጀመር።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን የማሽኗን ታሪክ ነው። የጥገና አለቃቸው ሚስተር ፍሬዘር ሰው አመስግነው አያውቁም። አቶ ፍሰሐ ወደ አገራቸው ሊመለሱ አንድ ወር ሲቀራቸው፣ ማንም ሊያስነሣት አልቻለም ብለው አንዲት አሮጌ የሽመና ማሽን ሰጧቸው። ስምንት ቀን ለፉባት። የዛሬው ሥራ በነጋታው እንዳልተነካ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። በዘጠነኛው ቀን ተነሣች። ሚስተር ፍሬዘር ሁለት ጊዜ ዞሯት፤ ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡና፣ «ሊብስ ይችል ነበር» አሉ። ሠራተኛው በሙሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ከእኚያ ሰው አፍ ይህን ያህል ምስጋና በሃያ ዓመት ተሰምቶ አያውቅም ነበርና።

አቶ ፍሰሐ በ1956 ዓ.ም. ተመልሰው በደብረ ብርሃን በአንድ የሱፍ ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ ሆኑ፤ ዐሥራ ስምንት ዓመትም አገለገሉ። በ1960 ዓ.ም. ከወይዘሮ ትብለጥ ይስሐቅ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ማኅደርንና ፍሬዘርን ወለዱ። ወንዱን ያጠመቁት ቄስ ስሙን ሲሰሙ፣ «ፍሬ ዘር፤ መልካም ስም ነው» አሉ። አቶ ፍሰሐም አላረሟቸውም። የአለቃቸውን ስም ለልጃቸው እንደሰጡ ያወቁት ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ።

በ1975 ዓ.ም. ከነቤተሰባቸው በሱዳን አድርገው ተሰደዱ፤ በቀጣዩ ዓመትም ሲልቨር ስፕሪንግ ገቡ። አሌክሳንድርያ ውስጥ በአንድ አፓርትመንት የሜንቴናንስ ሥራ ይዘው ዐሥራ ሦስት ዓመት የማሞቂያ ቦይለርና ሊፍት ጠገኑ። በኮሚዩኒቲው ዘንድ «ፍሰሐ ስኮትላንድ» ተባሉ። ለቅሶ ቤት በሦስተኛው ቀን ሐዘኑ ሲከብድ፣ የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ሙላቱ ኮል ያደርጉላቸዋል፦ «ፍሰሐ፣ ሀያትስቪል ለቅሶ አለ፤ ሴትየዋ እህል አልቀመሰችም። እባክህ ና።» ከሥራ እንደወጡ ዩኒፎርማቸውን ሳይቀይሩ ይሄዳሉ። ጥግ ይዘው ይቀመጡና ስለ ጸጉር አስተካካዩ ይጀምራሉ። ሐዘንተኛዋ መጀመሪያ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች፤ ቆይታ ትስቃለች፤ ከዚያ ትጎርሳለች።

ልጃቸው ማኅደር ነርስ ሆና ሥራ ስትይዝ አባቷን ማስደሰት ፈለገች። በሰኔ 1996 እ.ኤ.አ. ሳትነግራቸው ትኬት ቆረጠችና ከወንድሟ ጋር ሆነው ኢንቨርካርን ወሰዷቸው። አቶ ፍሰሐ በአውቶቡሱ መስኮት ኮረብታዎቹን እያዩ እንደ ልጅ ይቁነጠነጡ ነበር።

ፋብሪካው ፈርሶ የሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ሆኗል። ሚሲስ ሎጋንም ሚስተር ፍሬዘርም ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ መጠጥ ቤት ገብተው ሲጠይቁ ግን፣ ከምድጃው አጠገብ ከዘራቸውን ይዘው የተቀመጡ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩና «አቢሲኒያ!» ብለው ጮኹ። አርቺ የሚባሉ የጥንት ባልደረባቸው ነበሩ። ተቃቅፈው አለቀሱ። አቶ ፍሰሐ ልጆቻቸውን አስተዋወቁና፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚያወሩበት በዚያው ድምፅ የማሽኗን ታሪክ ጀመሩ።

ታሪኩ ሳያልቅ አርቺ ሳቁ፤ እንባቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። «እስከ ዛሬ አልነገሩህም ማለት ነው?» አሉ። «ማሽኗ እኮ ልትጣል የተወሰነባት ናት! ማታ ማታ አንተ ስትወጣ የምንፈታት እኛ ነበርን። በስምንተኛው ቀን ማታ ፍሬዘር አዘነልህና 'ይብቃው፣ ተዉለት' አለን። ጭብጨባውን ምሳ ሰዓት ላይ ተለማምደነዋል! ለሠልጣኝ ሁሉ ሊሰናበት ሲል የምናደርገው ነበር፤ አንተን ግን በጣም ወደድንህ፣ ስለዚህ አስረዘምነው።»

መጠጥ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አቶ ፍሰሐም ሳቁ፤ ከሁሉም በላይ ረጅም ጊዜ የሳቁት እርሳቸው ነበሩ። አርቺን ቢራ ጋበዙ፤ ፎቶ ተነሡ፤ በሰላም ተሰነባበቱ።

አውቶቡሱ ውስጥ ዓይናቸውን ከእጃቸው ላይ አላነሡም። ፍሬዘር፣ «ዳድ፣ ጆክ ነው እኮ» አላቸው። ማኅደርም፣ «አባዬ፣ ስለወደዱህ ነው ያደረጉት። ሰምተሃቸዋል» አለች።

«አውቃለሁ ልጄ፤ ወደውኛል» አሉ አቶ ፍሰሐ። «ግን እኔ ደብረ ብርሃን ማሽን በቆመ ቁጥር፣ ሱዳን መንገድ ላይ ያ መኪና የተበላሸ ቀን፣ እዚህም ሥራ ልጠይቅ ስገባ፣ ያቺን ያስነሣ እጅ ይኼ አያቅተውም እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ለካ እጄ አይደለም። አዝነውልኝ ነው።»

ማኅደር እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

ከዚያ ወዲህ አቶ ፍሰሐ ኢንቨርካርንን አላነሡም። ለቅሶ ቤት ይሄዳሉ፤ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሰው በተስፋ ያያቸዋል፤ እርሳቸው ምንጣፉን ያያሉ። በሥራ ቦታቸውም የጠገኑትን ቦይለር ተመልሰው ሦስት አራት ጊዜ ማየት አመጡ። በጥቅምት 1997 እ.ኤ.አ. «አሁን አላምነውም» ብለው ሥራቸውን በፈቃዳቸው ተዉ። ቦይለሩን ይሁን እጃቸውን ማለታቸው እንደሆነ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትብለጥ እስከ ዛሬ አያውቁም።

በመጋቢት 1998 እ.ኤ.አ. የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። አቶ ሙላቱ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ «ፍሴ፣ እስቲ የጸጉር አስተካካዩን አንዴ» ብለው ለመኗቸው። «ተወኝ ሙላቱ» አሉ አቶ ፍሰሐ፤ «እሱን የሚያወራው ሰውዬ የለም።» አቶ ሙላቱ ራሳቸው ሊያወሩት ሞከሩ፤ መሐል ላይ ጠፋባቸው።

ማኅደር ያን ቀን አውቶቡሱ ውስጥ ልትላቸው የሚገባት የታወቃት በመጨረሻው ሳምንት ነው። ደብረ ብርሃን ዐሥራ ስምንት ዓመት ማሽን ሲያስነሡ አዝኖ የተወላቸው ማንም አልነበረም። ሱዳን መንገድ ላይ የቆመውን መኪና ሲያስነሡ በውስጡ ሃያ ሰባት ሰው ነበር፤ ሁሉም በሕይወት ደርሰዋል። ጆሯቸው ላይ ተደፍታ ይህን ሁሉ ነገረቻቸው። ሐኪሙ ግን ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ እንደማይሰሙ ነግሯት ነበር። እርሷም ነርስ ናት፤ ታውቀዋለች።

አቶ ፍሰሐ ኅዳር 5 ቀን 1991 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ዓመታቸው አረፉ። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ትብለጥ፣ ከልጆቻቸው ከማኅደርና ከፍሬዘር፣ ደብረ ብርሃን ካሉት ከታላቅ እህታቸው ከወይዘሮ ልሳነወርቅ ወልደአምላክ ተለይተዋል።

ይህን የጻፈችው ማኅደር ናት። እናቷ ረቂቁን አንብበው፣ «ልጄ፣ የስኮትላንዱ ለቀብር አይሆንም፤ አውጪው» ብለዋት ነበር። ልታወጣው ሞከረች። ሲወጣ ግን የቀረው ቀንና ዓመተ ምሕረት ብቻ ሆነ፤ ሰውየው አብሮ ወጣ። እንግዲህ ከነቁስሉ አቅርባዋለች፤ እናቷም እናንተም ይቅር በሏት።

ጌታ ሆይ፣ በሰው ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛን ያጎረሱትን አባታችንን፣ ሰው በሰው በማይስቅበት ስፍራ ነፍሳቸውን አሳርፍልን። አሜን።