የልብስ ሰፊው አሜን

እንደ እናት ላሳደግሽኝ እትዬ ይድረስ። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጸሎት ቤታችን ጣሪያ ተጠግኖ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ መደርደር ቀርቶልናል።

የጉባኤው መሪ ሆኜ ከተሾምኩ ወዲህ ሁሉም ሰው በሐሳቤ ይስማማል። አግዳሚ ወንበሮቹ ወደ መስኮቱ ይዙሩ አልኩ። ፀሐዩ ዓይናቸውን እየወጋቸው ተቀመጡ እንጂ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ባለፈው እሑድ ደግሞ የታመመውን አናጢ ከልብስ ሰፊው ጋር አምታትቼ፣ «ጌታ ሆይ፣ ልብስ ሰፊውን ከተኛበት አልጋ አንሣው!» ብዬ ጸለይኩ። ጉባኤው በሙሉ «አሜን!» አለ። ዓይኔን ስገልጥ ልብስ ሰፊው ራሱ ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ ምንም ያልሆነ ጤነኛ ሰው። ከሁሉም አስበልጦ አሜን ያለውም እሱ ነበር።

ቤት ስንገባ ባለቤቴን «ምነው ዝም አልሽ?» አልኳት። ልብስ ማጠፏን ሳታቆም፣ «ለእኛ ያልታየን ነገር ታይቶህ ይሆናል ብዬ ነው» አለችኝ። ድሮ እኮ ካልሲዬን ገልብጬ ካደረግኩ ጎረቤት እስኪሰማ የምትስቅብኝ ሴት ናት!

ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ ስወጣ ጋቢ እደርባለሁ። ብርዱ ይሆናል።

እትዬ፣ ስሾም ጥበብ እንዲሰጠኝ ጸልዪልኝ ብዬሽ ነበር፤ አሁንም አደራሽን። የላክሽልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ሁሉም ነገር «አንተ ታውቃለህ» ብለሻል። ከዳር እስከ ዳር ብፈልግ አንድም ቁጣ አጣሁበት።

ደህና ነሽ ወይ?

በጸሎትሽ የሚኖረው፣ ያው ችኮው ወንድምሽ